ሌባው አልተያዘም፤ ጎረቤቴ ግን መኪና ገዛ

«ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የ31 ዓመት ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ የሞባይል ጥገና ቤት አለኝ። ስልክ እጠግናለሁ፣ መለዋወጫ እሸጣለሁ፣ አንዳንዴም ያገለገለ ስልክ ገዝቼ አስተካክዬ እሸጣለሁ። ባለፈው ክረምት ሱቄ በሌሊት ተሰብሮ 11 ስልክ ተወሰደብኝ። አራቱ ለጥገና የተቀመጡ የደንበኞች ነበሩ። ጣቢያ ሄጄ አመለከትኩ፤ ቃሌን ተቀበሉኝ። መርማሪው የስልኮቹን አይኤምኢአይ ቁጥር (እያንዳንዱ ስልክ ለብቻው የሚለይበትን ቁጥር) አምጣ ሲለኝ የሁለቱን ብቻ አገኘሁ። ከዚያ ወዲህ መልሱ «ስናገኝ እንደውልልሃለን» ነው። ለደንበኞቼ ከዕቁቤ ከፈልኩ፣ የጎደለውን ተበደርኩ፤ ዛሬም 85,000 ብር ዕዳ አለብኝ።

ከእኔ ሦስት በር አለፍ ብሎ ያለው ልጅ ግን ከጎረምሶች ስልክ ይገዛል። ካርቶን የለው፣ ደረሰኝ የለው። ገበያ ላይ 20,000 ብር የሚያወጣውን በ6,000 ይወስድና በ13 እና በ14,000 ይሸጠዋል። በሁለት ዓመት ውስጥ ቪትዝ ገዛ። አንድ ቀን እንኳ መጥቶ የጠየቀው ሰው የለም። የእኔ ባለቤት የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ የቤት ኪራይም ተጨምሮብናል።

ከሦስት ሳምንት በፊት ሁለት ልጆች አንድ ሳምሰንግ ይዘውልኝ መጡ። ከየት እንደመጣ አልጠየቅኳቸውም። 5,500 ብር ሰጥቼ ተቀበልኳቸው። ማታ ስከፍተው ስክሪኑ ላይ የምረቃ ጋዋን የለበሰች ልጅ ፎቶ አለ። አጥፍቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እስካሁን አልሸጥኩትም። ልጆቹ «ሌላ አለ» እያሉ ይደውላሉ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ወንጀል አያዋጣም ይባላል፤ እኔ የማየው ግን ሲያዋጣ ነው። የሰረቀኝ አልተያዘም፣ የሚገዛው አልተያዘም፣ ዕዳ ውስጥ ያለሁት በሥርዓቱ የሠራሁት እኔ ነኝ። ሞኙ እኔ ነኝ? እባክዎ ሳይዋሹኝ ይምከሩኝ።»

ስሜ ይቆይ፣ ከአዲስ አበባ


ወንድሜ፣ «ሳይዋሹኝ» ብለሃልና ከሚመረው ልጀምር። የታዘብከው ነገር እውነት ነው። አንድ ስርቆት ለብቻው ተነጥሎ ሲታይ አብዛኛውን ጊዜ ሌባው ሳይታወቅ ይቀራል። ይህ የእኛ ከተማ ጉድ ብቻ እንዳይመስልህ። ቁጥር በየዓመቱ የምትሰበስበውን አሜሪካን ብንወስድ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ለፖሊስ ከደረሱት የንብረት ወንጀሎች እልባት ያገኙት 17.2 ከመቶ ነበሩ። እንደ አንተው ሱቅ ሰብሮ መግባት 14.1 ከመቶ፣ የመኪና ስርቆት 13.8 ከመቶ። በዚያው ዓመት የግድያው 61.4 ከመቶ ነበር። ከዚህም ሌላ ከንብረት ወንጀል ለፖሊስ የሚነገረው ሲሶው ገደማ ነው። ሁለቱን ስታባዛቸው ከ100 ስርቆት ሌባው የሚታወቀው በግምት በ5 ወይም በ6ቱ ብቻ ነው። ቤተ ሙከራና ትልቅ የአሻራ ቋት ያለው ፖሊስ ይህን ያህል ከሆነ፣ «ስናገኝ እንደውላለን» ያለህ መርማሪ ስለናቀህ ብቻ ነው ብለህ አትዘን።

ግድያ ከስርቆት በተሻለ የሚፈታው ፖሊስ ለሰው ሕይወት የበለጠ ስለሚደክም ብቻ አይደለም። ገዳይና ሟች ብዙ ጊዜ ይተዋወቃሉ፤ ጠብ አለ፣ ምስክር አለ፣ መነሻ ክር አለ። አንተና ሱቅህን የሰበረው ሰው ግን አልተያያችሁም። በስንት ሰዓት እንደገባ እንኳ በትክክል አታውቅም። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም እ.ኤ.አ. በ1975 የመርማሪዎችን ሥራ አጥንቶ ያገኘው ነገር ዛሬም ይጠቀሳል፦ ወንጀሉ ይፈታል ወይስ አይፈታም የሚለውን በዋናነት የሚወስነው ተበዳዩ መጀመሪያ ለደረሰው ፖሊስ የሚሰጠው መረጃ ነው። ስም፣ መልክ፣ ታርጋ ወይም ቁጥር በዚያ ሰዓት ካልተገኘ በኋላ በምርመራ የሚገኝበት ዕድል ጠባብ ነው።

ስለዚህ መርማሪው አይኤምኢአይ አምጣ ያለህ ለወረቀት ማሟያ አልነበረም። ነገሩን እንዲህ አስበው፦ ፖሊስ በማግስቱ 11ዱንም ስልክ ከአንድ ቤት ቢያገኛቸው ኖሮ፣ የአንተ ናቸው ብሎ መመለስ የሚችለው ሁለቱን ነበር። ዘጠኙ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊትህ ተቀምጠውም ቢሆን የማንም ናቸው። ጥቁር ሳምሰንግ ከጥቁር ሳምሰንግ በምን ይለያል?

የጣት አሻራም እንደሚታሰበው ሁሉን አይፈታም። በቀን ስንት ሰው የሚደገፍበት ባንኮኒ ላይ የሚገኘው አሻራ በአብዛኛው የተደራረበ ነው፤ ጥርት ያለ ቢገኝ እንኳ የሚጠቅመው የሌባው አሻራ ቀድሞ መዝገብ ላይ ካለ ወይም የሚነጻጸር ተጠርጣሪ ከተያዘ ነው። ካሜራም እንደዚያው። ብዙ ሱቅ ካሜራውን ከጣሪያ ሥር ስለሚሰቅለው የሚቀርጸው የሌባውን ኮፍያ አናት ነው። ሰዓቱ ካልተስተካከለ ምስሉ ከምስክር ቃል ጋር አይገጥምም። ዲስኩ ሲሞላ ደግሞ አሮጌውን እየደመሰሰ ስለሚቀዳ፣ ጎረቤት «ቆይ እናያለን» ሲል አንድ ሁለት ሳምንት ካለፈ የዚያ ሌሊት ምስል የለም።

አንተ ከማንም በላይ የምታውቀው ሌላም ምክንያት አለ። ስልክ ይበተናል። አይኤምኢአይ የሚኖረው ቦርዱ ላይ ነው፤ ስክሪኑ፣ ባትሪው፣ የኋላ ክዳኑ ቁጥሩን ይዘው አይዞሩም። ሌሊት የተሰረቀ ስልክ በማግስቱ ስክሪኑ አንድ ሱቅ፣ ቦርዱ ሌላ ክፍለ ከተማ ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ የመርማሪውን የመዝገብ ክምር፣ ሲም ካርድ የሚያወጣበትን ወረቀት ብቻ ፈልጎ አቤቱታ የሚያስመዘግበውን ሰውና ፍርድ ቤት ሲጠራ የሚቀረውን ምስክር ጨምርበት።

እንግዲያው ያዋጣል ማለት ነው? ሒሳቡ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው። ከመቶ 5 ወይም 6 የሚለው ቁጥር የአንድ ስርቆት ዕድል ነው፣ የአንድ ሌባ አይደለም። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል እንደሚባለው አንድ ጊዜ ሰርቆ የሚያቆም ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት በፊላደልፊያ ከተማ በ1945 የተወለዱ 9,945 ወንዶች ልጆችን መዝገብ ተከታትሎ ነበር። ከወንጀሎቹ ሁሉ ግማሽ ያህሉን የፈጸሙት 627ቱ፣ ማለትም ከመቶ 6ቱ ብቻ ናቸው። ጥቂት ሰዎች ደጋግመው ነው የሚሰርቁት፤ የሚያስይዛቸውም ድግግሞሹ ነው። በእያንዳንዱ ስርቆት የመያዝ ዕድሉ 5 ከመቶ ነው እንበል። 20 ጊዜ የሰረቀ ሰው ቢያንስ አንድ ጊዜ የመያዝ ዕድሉ 64 ከመቶ ይሆናል፤ 50 ጊዜ ከሰረቀ 92 ከመቶ። አንድ ቀን ሲያዝ ደግሞ የዚያን ቀኑን ብቻ አይደለም የሚጠየቀው።

ገቢውም ቢሆን ወሬውን ያህል አይደለም። ሦስት የብሪታንያ የኢኮኖሚክስ ሊቃውንት የባንክ ዘረፋን ሒሳብ ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2012 አሳትመው ነበር። አንድ ዘረፋ በአማካይ 20,000 ፓውንድ ገደማ ያስገኛል፤ ለተሳታፊዎቹ ሲካፈል ለአንድ ሰው 12,700 ፓውንድ ያህል፣ ይኸውም በአገሩ ደመወዝ የግማሽ ዓመት እንኳ የማይሞላ። ከዘረፋዎቹ ሲሶ ያህሉ ባዶ እጅ የተመለሱ ናቸው። ትልቁ የሚባለው ወንጀል ይህ ነው። የአንተን ሁለት ልጆች ተመልከት፦ 20,000 ሊያወጣ ለሚችል ስልክ 5,500 ተቀበሉ፣ ለሁለት ሲካፈሉ 2,750 ብር ደረሳቸው። መንገድ ላይ ተይዞ የመደብደቡም፣ የመታሰሩም አደጋ የእነሱ ነው። ትርፉን የሚበላው ገዢው ነው።

ይህን ስታነብ «ታዲያ ጎረቤቴ ብልህ ነው ማለት ነዋ» ልትል ትችላለህ። በትርፍ አዎ፣ ከሌባው ይሻላል። ሌባው ግን አንድ ነገር ይበልጠዋል፤ አድራሻ የለውም። ስልክ ቁጥሩን ይቀይራል፣ ሰፈር ይለውጣል። ጎረቤትህ ታፔላ ሰቅሏል፣ ንግድ ፈቃድ ግድግዳ ላይ ለጥፏል፣ ኪራይ ይከፍላል። ከእሱ የወጣው እያንዳንዱ ስልክ ቁጥሩን ይዞ ከተማው ውስጥ ይዞራል፤ የገዛው ሰው ሁሉ «ከየት ገዛኸው?» ሲባል ጣቱን የሚቀስረው ወደዚያ ሱቅ ነው። የተያዘ ሌባም ለፖሊስ መርቶ የሚያሳየው የጓደኛውን ቤት ሳይሆን የሸጠበትን ሱቅ ነው። በሳምንት ሁለት ስልክ የሚገዛ ሰው በዓመት 100 ያህል ይገዛል። ከእያንዳንዱ የሚመጣበት አደጋ ከመቶ አንድ ብቻ ነው ብለን ብናቀልለት እንኳ፣ በዓመት ውስጥ አንዱ የሚያስይዘው ዕድል 63 ከመቶ፣ በሁለት ዓመት 87 ከመቶ ነው። ጎረቤትህ ሁለት ዓመት ቆይቷል አልክ፤ በዚህ ሒሳብ ከመቶው ከ13ቱ አንዱ ሆኖ ይሆናል። አንተ የምታየው የቆመውን ነው። የወደቀው ሱቁ ተዘግቶ ሌላ ሰው ተከራይቶታል፤ ማን እንደነበረ ማን ያስታውሳል?

ሕጉን ባጭሩ ልንገርህ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስርቆትን በአንቀጽ 665፣ ከባድ ስርቆትን በአንቀጽ 669 ያስቀምጣል፤ ከባዱ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል። በወንጀል የተገኘ ዕቃ መግዛት፣ ማስቀመጥ፣ መደበቅ ወይም ማሻሻጥ ደግሞ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፤ መሸሸግ ይባላል፣ አንቀጽ 682። ሥራዬ ብሎ ለያዘው ሰው ይበልጥ ይከብዳል። «አላወቅኩም ነበር» የሚለውን ቃል ዳኛ የሚመዝነው በዙሪያው ባለው ነገር ነው፦ ሲሶ የማይሞላ ዋጋ፣ ካርቶን የለም፣ ውል የለም፣ የሻጭ ስም የለም፣ ገዢው ደግሞ በሙያው ስልክ የሚያውቅ ሰው። አየህ፣ አንተ ላይ ይህ ሁሉ አለ። አንድ ስልክ ቢሆንም አለ። ሱቁ ሲፈተሽ ለጥገና የተቀመጡ የደንበኞች ስልኮችም አብረው ኤግዚቢት ሆነው ሊያዙ ይችላሉ፤ ያኔ በሩ ላይ የሚቆሙት አራት ደንበኞች ብቻ አይሆኑም።

አሁን ሞኙ እኔ ነኝ ወይ ወዳልከው ልመለስ። ቂምህ ይገባኛል። ዕቁብህን ለሰው ስልክ ስትከፍል ማንም አላጨበጨበልህም፤ የምትጠላው አሠራር ደግሞ ዓይንህ ሥር ቪትዝ ይነዳል። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ቀን ማታ እጁ ቢደክም የሚገርም አይደለም። ግን አንድ ጥያቄ ፍቀድልኝ፤ ሳትቸኩል አስብበት። ያንተን 11 ስልክ ማን የገዛቸው ይመስልሃል? ሱቅህን የሰበረው ሰው 11 ስልክ ለራሱ አይዝም። በማግስቱ ሳይጠይቅ የሚቀበለው ሰው እንዳለ እርግጠኛ ባይሆን ኖሮ ያን ሌሊት አይለፋም ነበር። ጎረቤትህ ነው ማለቴ አይደለም። ማስረጃ የለህምና አንተም አትበል፤ ጥርጣሬህን እንደ እውቀት ይዘህ ብትጣላው ተከሳሹ አንተ ትሆናለህ።

ሌላም ልጠይቅህ። ስልኩን ከሦስት ሳምንት በላይ ያልሸጥከው ለምንድን ነው? ገዢ ጠፍቶ አይመስለኝም።

እንግዲህ መሳቢያው ውስጥ ያለው ስልክ። በመጀመሪያ የማታደርገውን ልንገርህ። ፍላሽ አታድርገው (ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ አትጫንበት)፣ ሲም አትክተትበት፣ ቦርዱን አታውጣ፣ ቆሻሻ ውስጥ አትጣለው። ለልጆቹ መመለስ ንጹሕ መንገድ ሊመስልህ ይችላል፤ ነገር ግን የሰው ዕቃ መልሶ ለሌባ መስጠት ነው፣ ነገ ሌላ ሱቅ ይሸጡታል። ባለቤቷን ራሴ ፈልጌ ልስጣት የሚል ሐሳብም ይመጣብህ ይሆናል። ደግ ሐሳብ ነው፤ ግን አደጋ አለው። ስልኳን ከፍተህ ቁጥር መፈለግ የግል ነገሯ ውስጥ መግባት ነው። 5,500 ብሬን ላስመልስ ብለህ አንድ ቃል ከተናገርክ ደግሞ በዕቃዋ የተደራደርክባት ትሆናለህ፤ ከፖሊስ ጋር ሆና ብትጠብቅህ አትፍረድባት።

የተሻለው መንገድ ከጠበቃ ጋር ተማክሮ ስልኩን ለፖሊስ ማስረከብ ነው። ጠበቃው ቀድሞ ይምጣ ያልኩት ዝም ብሎ አይደለም፤ የምትሰጠው ቃል አንተንም የሚመለከት ስለሆነ ነው። አቅም ካጠረህ በዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ቤቶች ሥር ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ማዕከላት አሉ፤ እዚያ ጠይቅ። ምንም አትባልም ብዬ ቃል ልገባልህ አልችልም። ሆኖም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 82 መሠረት ከልብ መጸጸት፣ ራስን ለፖሊስ ማቅረብና የተበዳይን ጉዳት መካስ ቅጣት የሚያቀልሉ ምክንያቶች ናቸው። ራስህ ይዘኸው መሄድና ከመሳቢያህ ተፈትሾ መገኘት በዳኛም በፖሊስም ፊት አንድ አይደሉም። 5,500 ብሩን ግን ቁረጥና እርሳው። የተሰረቀ ዕቃ በገዢ እጅ ሲገኝ ባለቤቱ የመጠየቅ መብት አለው፤ አንተ የምትጠይቀው የሸጠልህን ሰው ነው፣ እሱን ደግሞ ታውቀዋለህ።

ለልጆቹ ማስፈራሪያ አትላክ፣ ቁጥራቸውንም አታጥፋ። ሲደውሉ «ከእንግዲህ ያለ ፋይዳ መታወቂያና ያለ ውል አልገዛም» በልና ዝጋ። አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ በኋላ አይደውሉም። ቁጥሩን ግን ቃል ስትሰጥ ትጠየቅበታለህ። (ዕድሜያቸውን አልጻፍክልኝም። 14 እና 15 ከሆኑ ከኋላቸው ትልቅ ሰው ሳይኖር አይቀርም፤ ይህንንም መርማሪው ቢያውቀው ይበጃል።)

ያገለገለ ስልክ መግዛት ግን ማቆም የለብህም፤ ሕጋዊ ሥራ ነው፣ ዕዳህንም የሚያቃልልልህ እሱ ሊሆን ይችላል። አገዛዝህን ነው መለወጥ ያለብህ። ስልክ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ *#06# ይደውል። የሚወጣው ቁጥር 15 አኃዝ ነው፤ ሁለት ሲም የሚወስድ ከሆነ ሁለት ቁጥር ይወጣል። ከካርቶኑ ጋር፣ በአንዳንድ ሞዴል ደግሞ ከሲም ማውጫው ላይ ከተጻፈው ጋር አስተያየው። የመጀመሪያዎቹ 8 አኃዞች የሞዴሉ መለያ ናቸው፤ እጅህ ላይ ያለው አንድ ሞዴል ሆኖ ቁጥሩ ሌላ ሞዴል ከሆነ ወይ ቦርድ ተቀይሯል ወይ ቁጥሩ ተነካክቷል፤ በሁለቱም አትግዛ። ቀጥሎ ሻጩ ራሱ ፊትህ ከፍቶ ከጉግል ወይም ከአይክላውድ አካውንቱ ይውጣ። ከወረቀቱ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ሌባ የይለፍ ቃል የለውም። «ረስቼዋለሁ፣ አንተ ክፈተው» ካለህ አትውሰድ። ከዚያ መታወቂያውን ኮፒ አድርግ፣ የሰጠህን ቁጥር እዚያው ደውለህ እንደሚጠራ እይ። ክፍያውን በጥሬ ብር ሳይሆን በባንክ ወይም በቴሌብር በመታወቂያው ላይ ባለው ስም ፈጽም። በሁለት ቅጂ ውል ጻፉ፦ ቀን፣ ሞዴል፣ ቀለም፣ ሁለቱ አይኤምኢአይ፣ ዋጋ፣ ፊርማ። ስልኩን ቢያንስ አንድ ሳምንት ሳትሸጥ አቆየው፤ ባለቤት ካለው ብዙ ጊዜ በዚያ ውስጥ ድምፅ ይሰማል። የዚህ አሠራር ጥሩነት ማንንም ሌባ ብለህ መጠርጠር አያስፈልግህም። «ውል እንጻፍ» ስትል የማይሆነው ሰው ራሱ ይሄዳል። ስትሸጥ ደግሞ የውሉን ኮፒና የ30 ቀን ዋስትና ጨምረህ ስጥ። ገዢም የተሰረቀ እንዳይገዛ ይፈራል፤ ለወረቀቱ ትንሽ ጨምሮ የሚከፍል አይጠፋም።

ለጥገና የሚገባውንም እንዲሁ መዝግብ። በደብተር ላይ ቀን፣ የደንበኛ ስምና ስልክ፣ ሞዴል፣ አይኤምኢአይ፣ ብልሽቱ፣ ፊርማ። የማይበራ ስልክ ከመጣ ቁጥሩን ከካርቶኑ ላይ እንዲልክልህ ደንበኛውን ጠይቅ። ማታ ገጹን ፎቶ አንስተህ ለራስህ በቴሌግራም ላክ፤ ደብተርም ይሰረቃልና። በሩን በተመለከተ፣ ቁልፉ ምንም ቢጠነክር ሌባ የሚሰብረው የቁልፉን ማያዣ ነው። ማያዣው በብሎን ከውጭ የታሰረ ከሆነ ይፈታል፤ ብሎኑ ላሜራውን አልፎ ከውስጥ ይታሰር፣ ራሱም ይበየድ። ጓጉንቸሩ ጆሮው የተሸፈነ ዓይነት ቢሆን የብረት መቁረጫ አይገባበትም። ጣሪያህ ቆርቆሮ፣ ከጎረቤት የሚለይህ ግድግዳ ችፑድ ከሆነ በር ብቻ ማጠንከር ዋጋ የለውም፤ ከጣሪያው ሥር የብረት ፍርግርግ አስደርግ። ትንሽ ካዝና ከገዛህ ወለሉ ሲሚንቶ ላይ በአራት ብሎን ይታሰር። ያልታሰረ ካዝና ሌባው ተሸክሞት ይሄዳል፤ ዕቃህን አንድ ላይ ሰብስበህ እንደጠበቅከው ነው የሚሆነው።

ስለ ዕዳው፦ 85,000 ብር ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለብዙ? ለአንድ ሰው ከሆነ ሄደህ «በዚህን ያህል ወር እንዲህ እንዲህ እከፍላለሁ» ብለህ በጽሑፍ ተስማማ፤ በአሥር ወር ከሆነ በወር 8,500 ነው። ከጥገና ገቢህ ይህን የሚያወጣ ከሆነ ቀን ቆጥረህ ትጨርሰዋለህ። ካላወጣ፣ ያንን አሁን ማወቁ ይሻልሃል፤ ጊዜው ይርዘም ብለህ ትለምናለህ። አበዳሪ የሚናደደው ከተጠፋበት ነው።

ከሁሉ የከበደህ ባለቤትህን መንገር ይመስለኛል። ጣቢያ ከመሄድህ በፊት ብትነግራት እመርጣለሁ። የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናትና እንዳትደነግጥ ብለህ ዝም ብለሃል፤ ፖሊስ ሱቅህ መጥቶ ብትሰማው ግን ድንጋጤው የባሰ ነው። በቀን፣ ሁለታችሁም ሳትራቡ፣ የሆነውን ከነመፍትሔው ንገራት፦ «አንድ ስልክ ገዛሁ፣ ጥፋት ነው፣ ጠበቃ አማክሬ ላስረክብ ነው።» የምትፈራውን ያህል ላትቆጣ ትችላለች። ብትቆጣም መብቷ ነው፤ ራስህን ለመከላከል የጎረቤትህን ቪትዝ አታንሳባት።

ጣቢያ የምትሄድ ዕለት የራስህንም አሮጌ መዝገብ አንቀሳቅስ። ለአራቱ ደንበኞች ደውለህ ካርቶን ወይም ደረሰኝ እንዳላቸው ጠይቅ፤ አይኤምኢአዩ እዚያ ላይ ታትሟል። ካርቶን የሌለው ደንበኛ በጉግል አካውንቱ ገብቶ ስልክ መፈለጊያው ላይ የጠፋውን ስልክ ቢከፍተው ቁጥሩን ሊያገኘው ይችላል፤ አይፎን ከሆነ በአፕል አካውንቱ የዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ይታያል። የራስህን ሰባቱን ደግሞ ከገዛህበት ሰው ደረሰኝ ፈልግ። የተገኘውን ያህል ጽፈህ፣ የቀድሞውን የመዝገብ ቁጥር ከላይ አድርገህ ለዚያው መርማሪ አስገባና በቅጂው ላይ ተቀብያለሁ ብሎ እንዲፈርምልህ ጠይቅ። አዲስ አቤቱታ አታስከፍት፤ አንድ ስርቆት ሁለት መዝገብ ላይ ሲበተን ስልኩ ቢገኝ እንኳ ባለቤቱን የሚያገናኘው ሰው አይኖርም።